በፊዚክስ 70 በማኔጅመንት ከ82 ሊበልጥ የሚችለው እንዴት ነው?

በፊዚክስ 70 ያመጣ ተማሪ በማኔጅመንት 82 ካመጣው ያነሰ ይመስላል። ጥሬው ቁጥር ግን ፈተናው ምን ያህል ከባድ እንደነበር አይናገርም። ስለዚህ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች የተለያዩ የትምህርት ክፍሎችን ተማሪዎች ለሽልማት ሲያወዳድሩ ውጤቱን በጋራ መለኪያ ያስተካክሉታል።

ከተማሪው ውጤት ላይ የክፍሉ አማካይ ይቀነሳል፤ ልዩነቱም ለመደበኛ ልይይት፣ ማለትም ውጤቶቹ በአማካዩ ዙሪያ ምን ያህል እንደተበተኑ ለሚያሳየው ቁጥር፣ ይካፈላል። የፊዚክሱ አማካይ 58፣ ልይይቱ 8 ቢሆን የመጀመሪያው ተማሪ 1.5 ያገኛል። የማኔጅመንቱ አማካይ 78፣ ልይይቱ 6 ቢሆን የሁለተኛው 0.67 ገደማ ብቻ ነው።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ስሌቱ ሁለቱ ክፍሎች እኩል አቅም ያላቸው ተማሪዎች እንዳሏቸው አድርጎ ይቆጥራል። ጎበዞች በተሰባሰቡበት ክፍል መካከለኛ የሆነ ተማሪ ሌላ ክፍል ቢገባ አንደኛ ሊወጣ ይችላል! የሚሻለው ሁለቱም ወገኖች በጋራ የወሰዱትን ኮርስ ማየት ነው፤ በዚያ የፊዚክስ ተማሪዎች ከበለጡ፣ የክፍላቸው አማካይ ዝቅ ያለው በፈተናው ክብደት ወይም በእርማቱ ጥብቅነት እንጂ በስንፍና አይደለም። የጋራ ኮርስ ከሌለ ግን ተማሪው በራሱ ክፍል ውስጥ ያለውን ደረጃ ብቻ መግለጽ ይበልጥ ፍትሐዊ ነው ብዬ አምናለሁ።