ከሥር መደራጀት ምንድን ነው?

ከሥር መደራጀት ማለት፣ ጉዳት የደረሰባቸው ወይም ሊደርስባቸው የተቃረበ ጎረቤታሞች ማንም ሳይጠራቸው ተሰባስበው፣ የሚያውቁትን አንድ ላይ አድርገው፣ ከመካከላቸው ሰው መርጠውና ከኪሳቸው አዋጥተው፣ በመሬታቸው፣ በውኃቸውና በእንጀራቸው ላይ በሚወሰነው ነገር ድምፅ እንዲኖራቸው የሚያካሂዱት የዓመታት ሥራ ነው። እድር ያቋቋመ የሰሜን ሸዋ ሰው የሥራውን ግማሽ ያውቀዋል፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መምረጥ፣ መዋጮ መሰብሰብ፣ የቀረውን መቅጣት ለእሱ አዲስ አይደለም። አዲስ የሚሆንበት፣ ያው ኅብረት ከሐዘን ቤት ወጥቶ ስለ ማዕድን ፈቃድና ስለ ካሳ መጠየቅ ሲጀምር ነው።

ይህን ከስብሰባ መለየት ያስፈልጋል። ገበሬዎች አዳራሽ ተጠርተው፣ ሌላ ሰው ያዘጋጀውን አጀንዳ አዳምጠው፣ ስማቸው ፊት ፈርመው ሲበተኑ፣ ያ የፊርማ ወረቀት በኋላ «ኅብረተሰቡ ተወያይቶ ተስማምቷል» ተብሎ ሲነበብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከፈረሙት አንዱ የፈረመው ለመገኘቱ እንጂ ለመስማማቱ እንዳልሆነ ሊያስረዳ ቢነሣ፣ ቃለ ጉባኤው ተዘግቷል ተባለ። በዚያ አዳራሽ ብዙ ሕዝብ ነበረ፤ የተደራጀ ሕዝብ ግን አልነበረም።

ሐሳቡ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው የድንጋይ ከሰል በሚወጣባቸው አካባቢዎች ነው፤ ከእነዚህም የአሜሪካዋ የኬንታኪ ግዛት ታሪክ በተለይ ያስተምራል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ የመሬት ደላሎች በምሥራቅ ኬንታኪ ተራሮች እየዞሩ፣ ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ ከማይችሉ ገበሬዎች ላይ በመሬቱ ሥር ያለውን ማዕድን በጥቂት ገንዘብ ይገዙ ነበር። ገበሬው ላዩን ይዤ ቀረሁ ብሎ አመነ፤ ውሉ ግን ገዢው ማዕድኑን ለማውጣት በሚመቸው መንገድ ሁሉ እንዲጠቀም ይፈቅድለት ነበር። ውሉ ሲፈረም ከሰል በዋሻ ይቆፈር ስለነበር የእርሻው መልክ ብዙ አይለወጥም ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ግን ተራራውን ከላይ የሚገፍፍ ከባድ መሣሪያ መጣ፤ የግዛቱ ፍርድ ቤቶችም አሮጌው ውል ይህንንም ይፈቅዳል ብለው ፈረዱ። የልጅ ልጆች አያታቸው በፊርማ ፈንታ ውሉ ላይ ባደረገው ምልክት ምክንያት ማሳቸውን፣ ምንጫቸውንና የዘመዶቻቸውን መቃብር አጡ።

እ.ኤ.አ. በ1965 ኦሊ ኮምስ የምትባል ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ከቤቷ በላይ ባለው ቁልቁለት ላይ ከቡልዶዘር ፊት ተቀመጠች፤ ፖሊሶች ተሸክመው አወረዷትና ታሰረች። ፎቶግራፏ በጋዜጣ ወጥቶ ብዙ ሰው አስቆጣ። ነገር ግን ውሉን የሻረው ፎቶግራፉ ብቻ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ የሃያ ሦስት ዓመት ሥራ ተከትሏል። እ.ኤ.አ. በ1988 የግዛቱ ሕገ መንግሥት እንዲሻሻል ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ከ100 መራጮች ከ80 በላይ የሚሆኑት ደገፉት፤ የመሬቱ ባለቤት ሳይስማማ ላዩን መግፈፍም ተከለከለ።

በመካከሉ የተሠራው ሥራ የመደራጀትን ምሥጢር ይዟል ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ምሥራቅ ኬንታኪን የሚያካትቱት የአፓላቺያ ተራሮች ነዋሪዎች ከጥቂት ምሁራን ጋር ሆነው በስድስት ግዛቶች ባሉ 80 አውራጃዎች የመሬትና የግብር መዝገብ ቤቶች እየተቀመጡ፣ 8 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬትና ማዕድን የማን እንደሆነና ስንት ግብር እንደሚከፈልበት በእጃቸው መዘገቡ። ያገኙት ነገር፣ ትልቁ ሀብት በሩቅ ባሉ ባለይዞታዎች እጅ መሆኑንና የሚከፍሉትም ግብር እጅግ ትንሽ መሆኑን ነበር። ትምህርት ቤቱ ለምን እንደሚያፈስስ፣ መንገዱም ለምን እንደማይጠገን የተራራው ሰው ያኔ በቁጥር አወቀ። የተበከለው ወንዝና ባዶው የአውራጃ ካዝና ከአንድ መዝገብ እንደሚመነጩ በመታየቱ፣ የአካባቢ ፍትሕና የኢኮኖሚ ፍትሕ የአንድ ማኅበር ሥራ ሆኑ።

የሠራተኛው ጉዳይም ከዚሁ አይለይም። ከሰል ቆፋሪው አቧራውን የሚተነፍሰው ልጆቹን ለማብላት ነውና፣ «ሥራ ወይስ ጤና?» የሚለው ጥያቄ ጎረቤትን ከጎረቤት ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1969 የኬንታኪ ጎረቤት በሆነችው በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት አርባ ሺህ ያህል ቆፋሪዎች የማኅበራቸውን አለቆች ፈቃድ ሳይጠብቁ ሥራ ያቆሙት፣ ሳንባቸውን ለሚያጠቁረው በሽታ ካሳ የሚሰጥ ሕግ እንዲወጣ ነበር፤ ከዚያ በፊት ሐኪሞች በየመንደሩ እየዞሩ በሽታው ምን እንደሆነ ለቆፋሪዎቹና ለሚስቶቻቸው አስረድተው ነበር። ሕጉ በግዛቱ ወጣ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም የአገር አቀፉ የከሰል ማዕድን ጤናና ደኅንነት ሕግ ተከተለ።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በሚገኘው የሙሽ ሸለቆ፣ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የቅጠል ቅሪተ አካል ከተገኘበት ደለል ጋር፣ ሊግናይት የሚባለው ለጋ የድንጋይ ከሰል አለ። በዚያው በሰሜን ሸዋ፣ ለሚ ላይ የሲሚንቶ ፋብሪካ ቆሟል፤ የሲሚንቶ ምድጃ ደግሞ ከሰል ይፈልጋል። ስለዚህ ጥያቄው ለሰሜን ሸዋ ገበሬ ሩቅ አይደለም። የእኛ ገበሬ እንደ ኬንታኪው ከሥር ያለውን ሊሸጥ አይችልም፤ መሬትም ማዕድንም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ይህ ከደላላ ይጠብቀዋል፤ ነገር ግን የይዞታ ደብተሩን ይዞ ብቻውን ከቆመ የሚደራደርበት ነገር ትንሽ ነው። አንቀጽ 43 እና 92 በሚነካው ፕሮጀክት ላይ የመመካከር መብት ይሰጡታል፤ አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮግራም ኑሮው ለተነካ ሰው ካሳ ይገባዋል ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳይጠበቅበት ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ እንደሚችል፣ በ30 ቀን ውስጥ ካልተወሰነለት ወይም ውሳኔው ካላረካው በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ እንደሚችል ይደነግጋል። ቀን የሚቆጥር ጸሐፊ ያለው ማኅበር እነዚህን ቀኖች አያሳልፍም።

ችሎታው አለን ወይ ለሚል፣ የመንዝን ጓሳ፣ ያንን የደጋ ሣር ምድር፣ ያስታውስ። የቀደምት አባቶቹ የአስቦና የገራ ዘሮች፣ ቄሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት፣ አባ ቄራ የሚባል የጥበቃ አለቃ እየመረጡ፣ የጓሳውን ሣር ለዓመታት ዘግተው፣ ሲደርስ በአንድነት እየከፈቱ፣ ጥሶ የገባውን እየቀጡ ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቀውታል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የቄሮን ሥርዓት ቢያፈርሰውም፣ ኅብረተሰቡ በኋላ ጥበቃውን በአዲስ መልክ አንሥቶታል።

ቁፋሮ ሊጀመር ነው በተባለበት መንደር የመጀመሪያው ሥራ ምንጮችን መቁጠር ነው። እያንዳንዱ ምንጭ በበጋና በክረምት እንስራ ለመሙላት ስንት ደቂቃ እንደሚወስድበት፣ ውኃው ምን ቀለም እንዳለው፣ ስንት ቤተ ሰብና ስንት ከብት እንደሚጠጣው ከነቀኑ ይጻፍ፤ ሦስት ሰዎች ይፈርሙበት። አንዱ ቅጂ ለወረዳው ይሰጥና ደረሰኝ ይቀበሉበት፤ ሁለተኛው ከእድሩ መዝገብ ጋር በሣጥኑ ውስጥ ይቀመጥ። ከሁለት ዓመት በኋላ «ምንጩ ድሮም ደረቅ ነበር» የሚል ባለሙያ ሲመጣ፣ ጸሐፊው ሣጥኑን ይከፍታል።