«ዝርክርኩን ማሽኑ ያስተካክለዋል» እና ሌሎች ስለ አውቶማቲክ መጋዘን የምንሳሳትባቸው ነገሮች

መጋዘኑን በማሽን እናሠራው የሚል ሐሳብ ሲነሳ ስብሰባው ይሞቃል። ቪዲዮ ይከፈታል። ሮቦቶች መደርደሪያ ተሸክመው ይሮጣሉ፤ ካርቶኖች በኮንቬየር (በሚንቀሳቀስ ማጓጓዣ ቀበቶ) ላይ ራሳቸው መንገዳቸውን ያገኛሉ። እኔም እነዚህን ቪዲዮዎች እወዳቸዋለሁ። ነገር ግን እንዲህ ያለ ፕሮጀክት የሚሰናከለው ብዙ ጊዜ ቪዲዮው ላይ በማይታየው በኩል ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች አንድ በአንድ ላንሳ።

«ዝርክርኩን ማሽኑ ያስተካክለዋል»

ከሁሉም በላይ የምፈራው ይህንን ነው። አንድ የማውቀው መጋዘን ውስጥ ያው የልብስ ሳሙና በ3 የተለያየ ኮድ ተመዝግቦ ነበር። ስቶር ኪፐሩን አልቸገረውም። 3ቱም አንድ ዕቃ መሆናቸውን በቃሉ ያውቃል። ቢን ካርዱ (የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ) 40 ካርቶን ብሎ መደርደሪያው ላይ 37 ቢያገኝ፣ የቀሩት የት እንደተቀመጡ ያስታውሳል። ማሽን ግን እንዲህ ያለ ትዝታ የለውም። ኮዱ 3 ከሆነ ዕቃውም 3 ነው።

ከኮዱ ሌላ ደግሞ መጠንና ክብደት አለ። ብዙ አውቶማቲክ መስመሮች ትክክለኛው ዕቃ መግባቱን የሚያረጋግጡት ካርቶኑን በመመዘን ነው። ሲስተሙ ውስጥ 12 ኪሎ የተባለ ካርቶን 14 ኪሎ ከመዘነ ወደ ጎን ይገፋል፤ ሰው መጥቶ እስኪያየውም እዚያው ይቆያል። አምራቹ ማሸጊያውን ቀይሮ ማንም ካልመዘገበው፣ የጎን መስመሩ ይሞላና ዋናው መስመርም ይቆማል።

ስለዚህ ከግዢው በፊት ቆጠራው ይቅደም። እያንዳንዱን ዕቃ ማንሳት፣ መለካት፣ መመዘን፣ ኮዱን አንድ ማድረግ። አሰልቺ ነው፤ ወራትም ይፈጃል። ግን ይህን የዘለለ ፕሮጀክት በኋላ ማሽኑ እየሠራ እያለ ሊቆጥር ይገደዳል። ያ ደግሞ እጅግ ከባድ ነው።

«ቀኑ ተቆርጧል፤ ሰውና ገንዘብ ከተጨመረ ይደርሳል»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በአሜሪካዋ ዴንቨር ከተማ አዲስ ኤርፖርት ላይ የተሠራው አውቶማቲክ የሻንጣ ማመላለሻ ታሪክ አለ። ዴንቨርና አውሮራ የሚኖር ሐበሻ ኤርፖርቱን በደንብ ያውቀዋል። የሻንጣ ማመላለሻው መጋዘን ባይሆንም ቴክኖሎጂው ያው ነበር፦ ሐዲድ፣ ጋሪ፣ ስካነር፣ ሶፍትዌር።

ኤርፖርቱ ሊከፈት የታቀደው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1993 ነበር (ከዚህ በታች ያሉት ወራትና ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከተማው ግን ለመላው ኤርፖርት የሚሆን አውቶማቲክ ሲስተም ለማሠራት የወሰነው ግንባታው ከተጋመሰ በኋላ ነው። ጨረታ ወጣ፤ 3 ድርጅቶች ተወዳደሩ። አንዱም በቀኑ አደርሳለሁ አላለም። በ1992 ሥራው ቢኤኢ ለተባለ ኩባንያ ተሰጠ። ይህ ኩባንያ ቀድሞውንም ለዩናይትድ አየር መንገድ ብቻ የሚሆን ሲስተም እየሠራ ነበር። የጀርመኑ ሙኒክ ኤርፖርት ሰዎች የራሳቸውን፣ ያውም ቀለል ያለውን ሲስተም ለመፈተሽ ብቻ 2 ዓመት እንደፈጀባቸው ለዴንቨር ሰዎች ነግረዋቸዋል። ከመክፈታቸው በፊት ለ6 ወር ሌት ተቀን አሠርተውታል።

ዴንቨር ያን ጊዜ አልነበራትም። ዋሻዎቹ ቀድመው ተሠርተዋል፤ ጋሪዎቹ በጠባቡ መታጠፊያ ማለፍ ነበረባቸው። አየር መንገዶቹ ደግሞ ሥራው መሃል ላይ ለውጥ ይጠይቃሉ፤ የበረዶ ሸርተቴ ዕቃ ማስተናገጃ ይጨመር ይላሉ። በ1994 ጋዜጠኞች በተጠሩበት ሙከራ ሻንጣዎች ተቀዳደዱ፤ ልብስ መሬት ላይ ተበተነ። ኤርፖርቱ የተከፈተው በየካቲት 28 ቀን 1995 ነው፤ 16 ወር ዘግይቶ። እያንዳንዱ የዘገየ ቀን ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስወጣ ነበር። ያኔም ቢሆን አውቶማቲኩ በከፊል ብቻ ሠራ። ቀሪው ሻንጣ በተለመደው ተጎታች ጋሪ ተጓጓዘ። በ2005 ሲስተሙ ጭራሽ ተተወ።

እዚያ የነበሩት መሐንዲሶች ሰነፎች አልነበሩም። ፍተሻ ግን የቀን መቁጠሪያ ይፈልጋል። 9 ሰው ቀጥሮ የ9 ወሩን ፍተሻ በ1 ወር መጨረስ አይቻልም፤ ስህተቱ የሚወጣው ሲስተሙ ሞልቶ፣ ተጨናንቆ፣ ደጋግሞ ሲሠራ ነው። ከአለቃችሁ ጋር የምትከራከሩበት አንድ ነገር ብቻ ምረጡ ብባል የፍተሻውን ጊዜ እመርጣለሁ።

«አሮጌውን ዓርብ ዘግተን ሰኞ በአዲሱ እንጀምራለን»

የእኛ ነጋዴ የፋሲካ ሳምንት ሱቁን አፍርሶ አይጠግንም። ኸርሺ የተባለው የአሜሪካ ቸኮሌት አምራች ግን በ1999 ከዚያ ብዙም ያልራቀ ነገር አደረገ። የትእዛዝና የማከፋፈያ ሶፍትዌሩን በሐምሌ በአንድ ጊዜ ቀየረ። አሜሪካ ውስጥ ከረሜላ በብዛት የሚሸጥበት የሃሎዊን በዓል የሚውለው በጥቅምት መጨረሻ ነው፤ ትእዛዙ ግን ቀደም ብሎ ይጎርፋል። ዕቃው መጋዘን ውስጥ እያለ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ትእዛዝ ሳይደርስ ቀረ።

የተረጋጋውን ወቅት ምረጡ። አንድ የዕቃ ዓይነት ወይም አንድ ፈረቃ ብቻ አስገቡና አሮጌው ጎን ለጎን ይሥራ።

«98 በመቶ ይሠራል ተብሏል፤ ይበቃል»

ከ100 ሰዓት 98ቱን ሳይቆም ይሠራል ማለት ነው፤ ለአንድ ማሽን ጥሩ ቁጥር ነው። ነገር ግን 5 ማሽኖች ተከታትለው ከተሰለፉና አንዱ ሲቆም ሁሉም ከቆመ፣ መስመሩ በሙሉ የሚሠራው 90 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። 10 ከሆኑ ደግሞ ወደ 82 ይወርዳል። ስለዚህ አንዱ ሲቆም ሌላው እንዲቀጥል መካከል ላይ ካርቶን የሚጠራቀምበት ቦታ ያስፈልጋል። የአንዱን ማሽን ሳይሆን የመስመሩን ቁጥር ጠይቁ።

«ሠራተኛ አያስፈልግም፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ይነገረዋል»

አማዞን በ2012 ኪቫ የተባለውን የሮቦት ኩባንያ በ775 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2025 የሮቦቶቹ ቁጥር 1 ሚሊዮን ደርሷል ብሏል። ግን አሁንም ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰው ያሠራል። አንዳንድ ሥራ በእርግጥ ይጠፋል፤ ይህን መካድ ሰውን ማታለል ነው። የቀረው ሥራ ደግሞ መልኩ ይለወጣል፦ ቀድሞ በመደርደሪያዎች መሃል ይመላለስ የነበረ ሰው አሁን አንድ ቦታ ቆሞ ሮቦቱ ያመጣለትን ያነሳል። ትከሻና ወገብ ላይ የሚያደርሰው ጫና ሌላ ነውና ይህም ሲነደፍ ይታሰብበት።

ሠራተኛውን መጨረሻ ላይ ማሳወቅ ምን እንደሚያመጣ ከአሜሪካ ትልልቅ መድኃኒት አከፋፋዮች አንዱ የነበረው ፎክስሜየር አሳይቷል። አዲስ ሶፍትዌርና አውቶማቲክ መጋዘን በአንድ ላይ ጀመረ። አሮጌዎቹ መጋዘኖች ሊዘጉ መሆኑን ያወቁ ሠራተኞች ልባቸው ሸፈተ፤ ብዙዎቹ ለቀቁ፤ ዕቃ ተበላሸ፤ ትእዛዝ ተጓደለ። ሌሎች ችግሮችም ተደራርበውበት ኩባንያው በ1996 ከሰረ። ማን ይናገር የነበረ እንደሚባለው ነው፦ ስቶር ኪፐሩና የፎርክሊፍት ሾፌሩ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ንድፉ ላይ ይቀመጡ።

«ርክክቡ ተፈርሟል፤ ፕሮጀክቱ አለቀ»

የእንግሊዙ የኦንላይን አስቤዛ ሻጭ ኦካዶ በሮቦት መጋዘን ስሙ የታወቀ ነው። በየካቲት 2019 አንዶቨር ያለው መጋዘኑ ከአንድ የባትሪ መሙያ በተነሳ እሳት ወደመ። በ2021 ደግሞ ኤሪዝ በሚገኘው መጋዘን 3 ሮቦቶች ተጋጭተው እሳት ተነሳ። ስለዚህ ከርክክቡ በኋላም የጥገናና የክትትል ሥራው በየቀኑ ይቀጥላል፦ ባትሪ፣ ስካነር፣ ቀበቶ፣ ሶፍትዌር።

እኛም ጋ ቴክኖሎጂው ገብቷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2017 ቦሌ ላይ ያስመረቀው የካርጎ ተርሚናል ፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበት መደብ) አንስተው ከፍ ባለ መደርደሪያ የሚያስቀምጡ ማሽኖች አሉት። ወደ ሌሎች መጋዘኖች ሲገባ ግን ውሉ ሳይፈረም አቅራቢው 3 ነገር ይመልስ። ሞተሩ ቢቃጠል መለዋወጫው ከየት፣ በስንት ቀን፣ በማን ዶላር ይመጣል? መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር እስኪነሳ ባለው ጊዜ ሲስተሙ የት ላይ እንደነበረ ያስታውሳል? ሁሉም ቢቆምስ ዕቃውን በእጅ ማውጣት ይቻላል? ለዚህ የሚሆነው የወረቀት ቅጽ ታትሞ ይቀመጥ፤ ሠራተኞቹም በወር አንድ ቀን ይለማመዱበት።