ስለ ዊካ በዓላት፣ ሳናውቅ እንዳንመሰክር

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖቼ። እዚህ እንግሊዝ አገር ኦክቶበር ሲያልቅ፣ ዱባና ጭምብል የሚወጣበት ሃሎዊን የሚሉት በዓል ሲመጣ፣ ቴሌግራሙ በሙሉ "የሰይጣን በዓል ደረሰ" በሚል መልእክት ይጥለቀለቃል፣ እውነቱን ለመናገር እኔም መልእክቱን እልክ ነበር፣ በኋላ አብራኝ ፈረቃ የምትገባ ሴትዮ ዊካ የሚባለው ተፈጥሮን የሚያከብር አዲስ የአረማዊ ሃይማኖት ተከታይ መሆኗን ነገረችኝና ቁጭ ብዬ ስጠይቃት ስንቱን ሳላውቅ ሳወራ እንደከረምኩ ገባኝ። ዊካዎች እኮ ሰይጣን አለ ብለውም አያምኑም! "በሐሰት አትመስክር" ደግሞ የማያምን ሰው ላይ ሲሆን ይፈቀዳል አልተባለም።

ሃይማኖቱ በአደባባይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው፣ ጥንቆላን የሚመለከተው ህግ እ.ኤ.አ. በ1951 ከተሻረ በኋላ ጄራልድ ጋርድነር የሚባል እንግሊዛዊ ስለሱ በግልጽ መጻፍ ጀመረ። ስምንት በዓል አላቸው፣ "የዓመቱ መንኮራኩር" ይሉታል። አራቱ ፀሐይን የሚከተሉ ናቸው፣ ዩል (ረጅሙ ሌሊት፣ ዲሴምበር 21 አካባቢ)፣ ኦስታራ (ማርች ላይ ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ)፣ ሊታ (ረጅሙ ቀን፣ ጁን ላይ)፣ ማቦን (ሴፕቴምበር ላይ ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ)። ማቦን የሚለው ስም እንኳን በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የወጣ ነው፣ ጥንታዊ የሚመስለው ሁሉ ጥንታዊ አይደለም። የቀሩት አራቱ ከአየርላንድና ከስኮትላንድ የገበሬና የከብት አርቢ ዘመን የመጡ ናቸው፣ ኢምቦልክ በጎች የሚወልዱበት፣ ቤልቴን ሜይ 1 ላይ እሳት የሚነድበት፣ ሉናሳ የመጀመሪያው አዝመራ፣ ከዛ ሳዊን። ብዙዎቹ ሲተርኩት አምላካቸው በዩል ይወለዳል፣ በቤልቴን ከእንስት አምላካቸው ጋር ይጋባል፣ ከእህሉ ጋር ታጭዶ ይሞታል፣ ዩል ላይ እንደገና ይወለዳል፣ ዓመት በዓመት እንዲሁ ሲዞር ይኖራል።

ወቅትን ማክበሩ ለኛ እንግዳ አይደለም። ዘመነ ክረምት አለን፣ ዘመነ ጽጌ አለን፣ ዝናቡ ሲመጣም አበባው ሲወጣም ማኅሌቱ ይቀየራል። ግን ዘፍጥረት 8፥22 ላይ መዝራትና ማጨድ፣ በጋና ክረምት አያቋርጡም ብሎ ቃል የገባ አለ፣ እኛ የምንሰግደው ለሱ ነው፣ ዝናቡም ፀሐዩም የሱ ሎሌዎች ናቸው። እነሱ ጋ ግን መለኮቱ ራሱ ከተፈጥሮው ጋር አብሮ ይዞራል። ልዩነታችን እዚህ ጋ ነው፣ ዱባና ጭምብሉ ላይ አይደለም።

ሳዊን ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ኦክቶበር 31 ነው፣ ብዙውን ጊዜ በኛ ጥቅምት 21 ላይ ስለሚውል እኛ የእመቤታችንን ወርኃዊ በዓል ስናከብር ማለት ነው። በሙታንና በህያዋን መካከል ያለው መጋረጃ የሚሳሳበት ሌሊት ነው ይላሉ። አንዳንዶቹ ሙታንን ለማነጋገር ይሞክራሉ፣ ይሄን ዘዳግም 18፥11 በግልጽ ከልክሎናል፣ እዚህ ላይ ድርድር የለም። የስራ ጓደኛዬ ግን የምታደርገው ለሞተች አያቷ ሳህን ቀርቦላት ባዶ ወንበር ፊት ዝም ብሎ መብላት ነው። ስትነግረኝ እንባዋ መጣ፣ እኔም የእናቴ ተዝካር ትዝ አለኝ።

እናንተስ ለሞቱት ምን ታደርጋላችሁ አለችኝ። ፍትሃቱን፣ ቅዳሴውን፣ እንጀራና ወጡን ነገርኳት። "ሳህኑን የት ነው የምታስቀምጡላት?" አለች። የእናቴን ሳህን ነዳያን ናቸው የበሉት አልኳት።