እንደራሴ ምንድን ነው? የዘንዶዎቹ ድራማ ተንታኞች የሚስቱት ሥልጣን

የሀውስ ኦፍ ዘ ድራገን የቴሌቪዥን ድራማ ሁለተኛ ምዕራፍ አምስተኛ ክፍል በአማርኛ ሲተነተን ባየሁ ቁጥር «ኤሞንድ ነገሠ» የሚል ዐረፍተ ነገር ያጋጥመኛል። ልዑሉ አልነገሠም። ቅብዐ መንግሥት አልተቀባም፣ ንጉሥ ተብሎ ዐዋጅ አልተነገረለትም፣ ወንድሙ ንጉሥ ኤጎንም ክፉኛ ተቃጥሎ አልጋ ላይ ይዋል እንጂ በሕይወት አለ። የክፍሉ ርእስ ራሱ እንደሚናገረው ኤሞንድ የተሾመው እንደራሴ ሆኖ ነው፤ በእንደራሴና በንጉሥ መካከል ያለውን ልዩነት ያልያዘ ሰው ደግሞ ያን ክፍል አይቶታል ለማለት እቸገራለሁ።

ስሕተቱ በድራማ ወሬ ውስጥ ብቻ ቢቀር ኖሮ ዝም ብዬ ባለፍሁት ነበር። ይሁንና ደብረ ብርሃን ላይ ታሪክ የማስተምር እንደ መሆኔ፣ ያው ስሕተት በፈተና ወረቀት ላይ ሰፍሮ፣ ራስ ተሰማ ናደው «ከዐፄ ምኒልክ ቀጥለው የነገሡ» ተብለው ተጽፈው አገኛለሁ። ስለዚህ የድራማውን ታሪክ ከሥሩ አልተርክም፤ የተከታተለ ያውቀዋል። የምጽፈው ኤሞንድ እንደራሴ የተሾመበት የምክር ቤት ስብሰባ ምን እንደ ወሰነና ምን እንዳልወሰነ ነው።

በመንዝ ደጋ የገብስ ማሳና የሞላ ጎተራ ያለው ባለርስት ታሞ ከአልጋ ዋለ እንበል፤ ወይም ሞቶ ልጁ ገና ሕፃን ነው። ቤተ ዘመድ ይሰበሰብና የጎተራውን ቁልፍ ለአንድ ሰው በአደራ ይሰጣል። ባላደራው ለቤተሰቡ ቀለብ ይሰፍራል፣ ለበልግ ዘር ያወጣል፣ ግብር ይከፍላል፣ ድንበር የገፋውን ጎረቤት ከሶ ይሟገታል፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ግን በባለርስቱ ስም ነው። ቁልፉ በእጁ መሆኑ ማሳውን የእሱ አያደርገውም፣ ወራሽም አያሰኘውም። ባለርስቱ ሲያገግም ወይም ልጁ ለአካለ መጠን ሲደርስ ያስገባውንና ያወጣውን ተሳስቦ ቁልፉን ይመልሳል። እንደራሴ ማለት የመንግሥትን ጎተራ ቁልፍ እንዲህ በአደራ የተቀበለ ሰው ነው። ንጉሡ ያጣው ንጉሥነቱን አይደለም፤ ያጣው ሥልጣኑን በገዛ እጁ የማዘዝ ዐቅሙን ብቻ ነው።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት እንደራሴነት የሚኖረው ንጉሠ ነገሥቱ ለአካለ መጠን ባለመድረሱ፣ ከአገር ውጭ በመሆኑ ወይም በጽኑ ሕመም ምክንያት ሥራውን ማከናወን ሲያቅተው እንደ ሆነ፣ ሥልጣኑም በንጉሠ ነገሥቱ ስም እንደሚሠራበት፣ ምክንያቱ ሲወገድም እንደራሴነቱ እንደሚያበቃ ደንግጎ ነበር። በማን ስም፣ በምን ምክንያት፣ እስከ መቼ የሚሉት ጥያቄዎች የሌሉበት እንደራሴነት የለም።

እንግዲህ በአንድ ዙፋን ዙሪያ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች አሉ፤ ዘውዱ የማን ነው፣ ቁልፉ በማን እጅ ነው፣ ወራሹ ማን ነው። ተንታኞቻችን ሦስቱን እንደ አንድ የሚቈጥሩበትን ምክንያት ደጋግሜ አስቤበታለሁ። በእኔ ግምት ምንጩ ከድራማው ይልቅ የራሳችን ታሪክ ነው። ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ እንደራሴ ሲባል ፊቱ ላይ የሚመጣው ተፈሪ መኰንን ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ሲሻሩ ራስ ተብለው አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ሆኑ፤ በ1923 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ ደፉ። ሁለቱን ቀናት ብቻ የያዘ ሰው እንደራሴነት ወደ ዙፋን የሚያደርስ ደረጃ ይመስለዋል። ነገር ግን ተፈሪን ወደ ዙፋን ያደረሳቸው አልጋ ወራሽነታቸው ነው፤ እንደራሴነታቸው የዕለት ሥራቸው ነበር። ሁለት የተለያዩ ሹመቶች በአንድ ሰው ላይ ተገናኙ እንጂ አንዱ ሌላውን አልወለደውም። ዘውዱም በነዚያ ዓመታት ሁሉ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ራስ ላይ ነበር። መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ተፈሪ ንጉሥ ከተባሉ በኋላ እንኳ ንግሥተ ነገሥታቷ ዘውዲቱ ነበሩ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ መጋቢት 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ድረስ ንጉሠ ነገሥት የሚለውን ማዕርግ ተፈሪ አልያዙም። በዚሁ በሰሜን ሸዋ ምድር ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ያ ሁሉ ደም የፈሰሰውም በመጀመሪያው ጥያቄ፣ ማለትም ዘውዱ የኢያሱ ነው ወይስ የዘውዲቱ በሚለው ነው፤ ንጉሥ ሚካኤል የዘመቱት የልጃቸውን ዘውድ ለመመለስ እንጂ እንደራሴ ለማስለወጥ አልነበረም።

ሦስቱ ጥያቄዎች በሦስት ሰዎች ላይ ተለያይተው እንዲታዩ የሚፈልግ ከዚያ በፊት የነበሩትን ዓመታት ይመልከት። ዐፄ ምኒልክ በጽኑ ታመው አልጋ ላይ ናቸው፤ ዘውዱ ግን የእሳቸው ነው። ግንቦት 1901 ዓ.ም. ወራሽነታቸው በዐዋጅ የተነገረው ልጅ ኢያሱ ገና የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ናቸው። እንደራሴና የኢያሱ ሞግዚት የተደረጉት ራስ ተሰማ ናደው ናቸው። ራስ ተሰማ ሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ሲያርፉ ዐፄ ምኒልክ ገና በሕይወት ነበሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ «ከምኒልክ ቀጥለው ነገሡ» ማለት የዘመን አቈጣጠሩንም የሚያፈርስ ነው። እዚህ ላይ ማንም ባይጠይቀኝም አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ የታሪክ ሰው ዐዋጅ አንብቦ ብቻ ቁልፉ በማን እጅ እንደ ነበረ መናገር አይችልም። ራስ ተሰማ በዐዋጅ ቢሾሙም፣ መጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ እስኪገለሉ ድረስ ቁልፉን በተግባር ያዞሩት ይበልጡን እቴጌ ጣይቱ ነበሩ። በሰነድ ላይ ያለ ባላደራና ጎተራውን በእውኑ የሚከፍት ሰው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

አንድ ተንታኝ ይህን የመሰለ ተቃውሞ ሲቀርብላቸው «የማዕርጉ ስም ምንም ይሁን ምን፣ ያዘዘ ነገሠ» ሲሉ መልሰዋል። ለድጋፍም የሸዋውን በዛብህን ጠቀሱ። በዛብህ እንደራሴ አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋን ከያዙ በኋላ በአንኮበር እያፈራረቁ ካስቀመጧቸው ሹማምንት አንዱ ነበር፤ የሕፃን ወይም የታመመ ንጉሥ አደራ አልተቀበለም፣ የተቀበለው ግዛት ነው። ኋላ ራሱን ንጉሥ ሲያደርግ አመፀ እንጂ አደራ በላ አይባልም። ሕጋዊው ወራሽ ነኝ የሚሉት ምኒልክ ያን ጊዜ መቅደላ ላይ ነበሩ፤ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው መጥተው በዛብህን ድል ሲያደርጉ የመለሱት የአባታቸውን ዙፋን ነው። ሹም፣ እንደራሴና ነጣቂ የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ያዛሉና አንድ ናቸው ብሎ የሚጠቀልል ትንታኔ ግን የጎተራውን ቁልፍ ከያዘው ባላደራ፣ ማሳውን ከተከራየው ገበሬና ሌሊት ግድግዳ ከነደለው ሌባ ማን ምን እንደ ሆነ ሳይለይ ሁሉም እህል አወጡ ብሎ የሚያልፍ ነው።

ተንታኙ እቴጌ ምንትዋብን ቢጠቅሱ ኖሮ ክርክሩ ይከብደኝ ነበር። በ1730 እ.ኤ.አ. ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ በሕፃንነት ሲነግሡ ምንትዋብ ራሳቸውም ዘውድ ደፍተዋል። እንዲህ ያለውን ከተራ እንደራሴነት ይልቅ የጋራ ንግሥና ብሎ መጥራት ይቀርባል፤ ድንበሩ እንደሚደበዝዝ ግን አልክድም።

ወደ ምክር ቤቱ ልመለስ። ንጉሥ ኤጎን ራሱን ስቶ ተኝቷል። እናቱ አሊሰንት ባሏ ንጉሥ ቪሴሪስ ታሞ በነበረ ጊዜ የመንግሥቱን ሥራ ስትመራ መቈየቷን አስታውሳ እንደራሴነቱ ለእኔ ይሁን ትላለች። ከአማካሪዎቹ አንዱ ላሪስ ይቃወማል፤ ዙፋኑን ከኤጎን ጋር የምትሻማው ጠላታችን ሬኒራ ዘውድ የጫነች ሴት ሆና ሳለ እኛም ሴት ወደ ፊት ብናወጣ ምን እንመስላለን ነው ነገሩ። አማካሪዎቹ አንድ በአንድ ወደ ኤሞንድ ያዘነብላሉ፣ ኤሞንድም በማዕዱ ራስ ላይ ተቀምጦ ማዘዝ ይጀምራል። ተንታኞች ይህን ትዕይንት «ወሬ የበዛበት፣ ዘንዶ የሌለበት» እያሉ ነጥብ ይቀንሱበታል። እኔ ግን የምዕራፉ ከባዱ ውሳኔ የተሰጠው እዚህ ላይ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም አማካሪዎቹ ቁልፉን የሰጡት ባለርስቱ ቢሞት ማሳውን ለሚወርሰው ሰው ነው። የኤጎን ወንድ ልጅ በምዕራፉ መጀመሪያ ተገድሏል፣ የቀረችው ሴት ልጅ ናት፤ የሴት ልጅን ንግሥና ለመቃወም ጦርነት የገባ ወገን ደግሞ ከኤሞንድ ሌላ ወራሽ አይታየውም።

ይህን አደጋ የሕግ ሰዎች ከጥንት ያውቁታል። በድሮው የእንግሊዝ ልማዳዊ ሕግ በተለመደው የመሬት ይዞታ ላይ፣ አባቱ ለሞተበት ሕፃን ሞግዚት የሚሆነው የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ግን ያ ዘመድ ርስቱን ሊወርስ የማይችል መሆን ነበረበት። ለዙፋን ይህ ደንብ ብዙ ጊዜ አልተጠበቀም። በ1483 እ.ኤ.አ. የወንድሙ ልጅ ጠባቂ የተደረገው የግሎስተሩ ሪቻርድ በጥቂት ወራት ውስጥ ሕፃኑን ሽሮ ራሱ ነገሠ። ይሁንና ከዚህ ተነሥቶ ወራሽ የሆነ እንደራሴ ሁሉ ነጣቂ ነው ማለትም ስሕተት ነው። በፈረንሳይ ከ1715 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሕፃኑ ሉዊ ዐሥራ አምስተኛ እንደራሴ የነበረው የኦርሌያኑ ፊሊፕ፣ ሕፃኑ ቢሞት ዘውዱ ወደ እሱ የሚያልፍ ሰው ሆኖ ሳለ፣ በ1723 እ.ኤ.አ. ንጉሡ ለአካለ መጠን ሲደርስ ሥልጣኑን አስረክቧል። የእኛዎቹ ተፈሪም ዘውዲቱን ሽረው አልነገሡም። ጥቅሙ ፈተና ነው፤ ፈተናውን ማን እንደሚወድቅ ግን ከሹመቱ ስም አይታወቅም።

የኤሞንድን ፈተና ድራማው በሚቀጥለው ክፍል ከቅርብ ያሳየናል። ኤሞንድ ወደ ታማሚው አልጋ ቀርቦ ከውጊያው ምን እንደምታስታውስ ንገረኝ ብሎ ወንድሙን ይጠይቀዋል። ያን እሳት ያስተፋው የራሱ ዘንዶ እንደ ሆነ ተመልካቹ ያውቃል፤ ኤጎንም ያውቃል። ኤጎን በተቃጠለ አንደበቱ ምንም አላስታውስም ይላል። ያዘዘ ሁሉ ንጉሥ ቢሆን ኖሮ ይህ ትዕይንት ትርጉም አልነበረውም። ኤሞንድ እዚያ አልጋ አጠገብ የቆመው የሚያዝዘው በዚያ በሚተነፍስ ሰው ስም ስለ ሆነና፣ ሰውየው አገግሞ ተነሥቶ ሂሳብ እናስብ ሊለው ስለሚችል ነው። ንጉሥ ሂሳብ አይጠየቅም፤ ባላደራ ግን ይጠየቃል።

«አሊሰንት ዙፋኗን ተነጠቀች» የሚሉትም እንዲሁ ስተዋል። አሊሰንት የጠየቀችው ዙፋን አይደለም፤ ከባሏ እንጂ ከራሷ የዘር ሐረግ የሚመጣ የንግሥና መብት የላትም። ለእንደራሴነት የተሻለች ያደረጋትም ይኸው ነው፤ ልጇ ቢሞት የምታጣው እንጂ የምትወርሰው የለም። ከዚህ ከደብረ ብርሃን ቤተ መንግሥት የሚነሣ ምሳሌ አለን። የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት የነበሩት እቴጌ እሌኒ የራሳቸው ልጅ አልነበራቸውም፣ የተወለዱትም ከሐድያ ገዢ ቤት ነው። በ1508 እ.ኤ.አ. ልብነ ድንግል በልጅነታቸው ሲነግሡ የመንግሥቱ ሥራ በእሌኒ እጅ ሆነ፤ ማቴዎስን መልእክተኛ አድርገው ወደ ፖርቱጋል የላኩት በዚያ ሥልጣናቸው ነው። ልብነ ድንግል ሲያድጉ ሥልጣኑን በእጃቸው አደረጉት። የድራማው አማካሪዎች ፊት የቀረበችው እንዲህ ያለች አማራጭ ነበረች። ያልመረጧት ሥራውን ስለማታውቅ አልነበረም፤ ከሬኒራ ጋር እንዳትመሳሰልባቸው ነው። በስድስተኛው ክፍል ኤሞንድ ከምክር ቤቱ ጭራሽ ሲያሰናብታት፣ የተኛውን ንጉሥ መዳን ከልብ የምትፈልግ የመጨረሻዋ ሰው ከዚያ ማዕድ ተነሣች።