ፕራሳድ ምንድን ነው?

ከሂንዱ ቤተ መቅደስ የሚወጡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚበላ ነገር ይዘው ይወጣሉ፤ ሙዝ፣ የኮኮናት ቁራጭ፣ ጥቂት የስኳር ድንጋይ፣ ወይም በንጥር ቅቤ የተሠራ ድቡልቡል ጣፋጭ። ፕራሳድ የሚባለው ይህ ነው፤ አስቀድሞ ለአምላክ ቀርቦ፣ አምላኩ ከተቀበለው በኋላ ለሰው የተመለሰ ምግብ። የደቡብ ህንድ ሰዎች ፕራሳዳም ይሉታል።

ለእኛ አገር አንባቢ ፈጥኖ ትዝ የሚለው ጸበል ጸዲቅ ነው። የሚቀራረቡበት ነገር ቢኖርም ፕራሳድ ውስጥ ያለው ሐሳብ ሌላ ነው። ጸበል ጸዲቅ በቅዱሱ ስም ተዘጋጅቶ፣ ተባርኮ ይበላል። ፕራሳድ ደግሞ፣ ሳንሸፋፍን እንናገረው ከተባለ፣ ትራፊ ነው። አምላኩ በልቶ ያስተረፈው።

ይህን ለመረዳት ትራፊ በሂንዱ ቤት ያለውን ቦታ ማወቅ ያስፈልጋል። አፍ የነካው ምግብ ጁታ ይባላል፤ የሌላ ሰው ጁታ መብላት ራስን ከዚያ ሰው በታች ማድረግ ነው። ማን የበሰለ ምግብ ከማን እጅ ይቀበላል የሚለው ጥያቄ ሰውን በትውልዱ ከፍና ዝቅ አድርጎ የሚከፋፍለው የካስት ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ዋና አጥር ሆኖ ኖሯል። እንግዲህ የሰው ትራፊ የሚያረክስ ከሆነ፣ ከሁሉ በላይ የሆነው የአምላክ ትራፊ ደግሞ የሚያከብር ይሆናል። በእርሱ ፊት ሁሉም ታናሽ ስለሆነ ትራፊውን ለመብላት የሚያፍር የለም።

ለዚህም ነው አብሳዩ ጨው በዛ አነሰ ብሎ መቅመስ የማይፈቀድለት። አንድ ጊዜ ከቀመሰ ለአምላክ የሚያቀርበው የራሱን ትራፊ ይሆናል። ምግቡ ከምስሉ ፊት ይቀመጣል፣ ጸሎት ይደገማል፣ ደወል ይደወላል፤ በብዙ ቦታ መጋረጃው ይዘጋል፤ አምላኩ ሲመገብ አይታይምና። በዚህ ጊዜ ምግቡ ናይቬድያ ወይም ቦግ ይባላል። መጋረጃው ተከፍቶ ለሰው ሲታደል ግን ስሙ ፕራሳድ ነው። መልኩም ጣዕሙም አልተለወጠም።

ግብዣው ትልቅ መሆን የለበትም። የሂንዱዎች ቅዱስ መጽሐፍ በሆነው በባጋቫድ ጊታ ምዕራፍ 9 ላይ አምላኩ ክሪሽና ቅጠልም ሆነ አበባ፣ ፍሬም ሆነ ውኃ፣ በፍቅር ከቀረበለት እንደሚቀበል ይናገራል። ሙምባይ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል የምትኖር ሴት ማለዳ በመደርደሪያዋ ላይ ላለው ትንሽ ምስል ሙዝ አቅርባ፣ ሙዙን ለልጇ ሰጥታ ወደ ሥራ ብትሄድ ፕራሳድ አድርጋለች።

ትልቁን ለማየት የሚሻ ግን ወደ ፑሪ ይሂድ። በምሥራቅ ህንድ በኦዲሻ ክፍለ ግዛት በሚገኘው የጃጋናት ቤተ መቅደስ ወጥ ቤት ሩዙ፣ ምስሩና አትክልቱ የሚበስለው በእንጨት እሳት፣ አንዱ በሌላው ላይ በተደራረቡ አዳዲስ የሸክላ ድስቶች ነው። ምእመናኑ መጀመሪያ የሚበስለው ከላይ ያለው ድስት ነው ይላሉ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አይገባም፤ ድንችና ቲማቲምም አይገቡም፤ ከባሕር ማዶ የመጡ እንግዳ አትክልቶች ናቸውና። ምግቡ ለጃጋናት ከቀረበ በኋላ ቢማላ ለምትባለው ሴት አምላክ ይቀርባል፤ ከዚያ በኋላ ነው ማሃፕራሳድ፣ ማለትም ታላቁ ፕራሳድ የሚሆነው። በቅጥሩ ውስጥ ባለው አናንዳ ባዛር በተባለው ገበያ ከካህናት ወገን የሆነው ብራህሚንም ሌላውም ካስት ሳይለይ አብሮ ይበላዋል። ይህን የእኩልነት ማዕድ የሚያወድሱ ብዙ ናቸው፤ እውነትም አለው። ይሁንና ከካስቶች ሁሉ በታች ተደርገው የማይነኩ ይባሉ የነበሩት ዳሊቶች ለረጅም ዘመን ከቤተ መቅደሱ ደጅ ተከልክለው ነበር፤ ሂንዱ ያልሆነ ሰው ደግሞ ዛሬም አይገባም። ማዕዱ አንድ ነው፣ በሩ ግን ጠባቂ አለው።

ፕራሳድ ሁልጊዜ ጣፋጭ፣ ሁልጊዜም ከሥጋ የጸዳ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። በኡጃይን ከተማ ካል ባይራቭ ለተባለው አምላክ የሚያሰክር መጠጥ ይቀርባል። በኮልካታ ካሊጋት በተባለው የሴት አምላኳ የካሊ ቤተ መቅደስ የፍየል ሥጋ አለ። በዚያው ከተማ ታንግራ በተባለው የቻይናውያን ሰፈር ያለችው ካሊ ደግሞ ኑድል ይቀርብላታል፤ በኬራላ አላፑዛ አንድ ቤተ መቅደስ የሚታወቀው በቸኮሌት ነው። የአገሩ ሰው የሚወደውን ለአምላኩ ያቀርባል።

የዘመናችን ጥያቄ የሚነሳው ይህ ምግብ በፋብሪካ መጠን ሲሠራ ነው። በደቡብ ህንድ የቲሩማላ ቤተ መቅደስ በቀን 300,000 ያህል ላዱ ያዘጋጃል፤ ላዱ ከሽንብራ ዱቄት፣ ከስኳር፣ ከንጥር ቅቤ፣ ከካሹ፣ ከዘቢብና ከሄል የሚሠራ ድቡልቡል ጣፋጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ስሙ በሕግ ስለተመዘገበ ሌላ ሰው የቲሩፓቲ ላዱ ብሎ ሊሸጥ አይችልም። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 የአንድራ ፕራዴሽ ዋና ሚኒስትር ቻንድራባቡ ናይዱ በቀድሞው የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ጊዜ ለላዱው የዋለው ቅቤ የእንስሳት ስብ የተቀላቀለበት ነበር ሲሉ ከሰሱ፤ የቀድሞዎቹ ገዢዎች ክሱን አጥብቀው አስተባበሉ። ነገሩ ህንድን ናጣት። ከላም ወተት የሚገኘው ቅቤ ከምግብ ሁሉ ንጹሕ የሚባለው ነው፤ የላም ስብ ደግሞ ለብዙ ሂንዱ ከርኩስም የከፋ ነው። እንስሳዋ ግን አንዲት ናት። በአንድ በኩል የቤተ ሙከራ ውጤት ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር፣ በሌላ በኩል ካህናቱ ቤተ መቅደሱን የማንጻት ሥርዓት ፈጸሙ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኦክቶበር 2024 ጉዳዩ የፖለቲከኞች መፋለሚያ እንዳይሆን ብሎ ገለልተኛ መርማሪ ቡድን እንዲቋቋም አዘዘ።

እኔን ከዚህ ይበልጥ የሚገርመኝ ግን በዚያው ዓመት በጃንዋሪ የተከሰተው ነው። በአዮድያ የራማ ቤተ መቅደስ ሊመረቅ ሲል አማዞን ላይ የአዮድያ ፕራሳድ የሚል ስም የተሰጣቸው ጣፋጮች ለሽያጭ ወጡ። የህንድ የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ሸማቹን ያሳስታል ብሎ ማስጠንቀቂያ ሰጠ፤ አማዞንም እርምጃ ወሰደ። ጣፋጩ ምናልባት ጥሩ ጣፋጭ ነበር፤ ቅሬታው ስለ ጣዕሙ አልነበረም። የጎደለው መቅረቡ ነው። ርቀቱ ራሱ ግን ችግር አይደለም፤ የህንድ ፖስታ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በኬራላ የሚገኘውን የሳባሪማላ ቤተ መቅደስ ፕራሳዳም በመላ አገሪቱ ያደርሳል፤ ከመሠዊያው የተነሳ ምግብ በፖስታ ቢሄድም ፕራሳድ ነው።

ከአገር ውጭ ያሉ ወገኖቻችን፣ በተለይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች ከህንዳውያን ጋር የሚሠሩ፣ ይህን ነገር በቅርብ ያውቁታል። በአቡ ዳቢ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ትልቅ የሂንዱ ቤተ መቅደስ ተመርቋል። በዲዋሊ በዓል ለሥራ ባልደረባ የሚሰጥ የጣፋጭ ሳጥን ግን ብዙውን ጊዜ ከሱቅ የተገዛ የበዓል ስጦታ እንጂ ፕራሳድ አይደለም። ፕራሳድ ሲሆን ሰጪው ራሱ ይናገራል። የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ ለይቶ ያደገ ኢትዮጵያዊ ለሌላ አምላክ የቀረበ ምግብ ለምን እንደሚያጠያይቅ አስረጂ አያሻውም፤ ብዙ የህንድ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞችም ፕራሳድ አይበሉም፤ ጎረቤቶቻቸውም ይህን ያውቃሉ። የማይበላ ሰው ሳይቀበል በፊት በአክብሮት ይቅርብኝ ቢል ይሻላል። የተቀበለ ደግሞ የሚቀበለው በቀኝ እጁ ነው፤ ከተረፈው ለሌላ ሰው ያካፍላል ወይም ለላምና ለወፍ ይሰጣል እንጂ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አይጨምረውም።