የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት፦ የዳኝነት ሥልጣንና የአቤቱታ ተቀባይነት

መቀመጫው አሩሻ፣ ታንዛኒያ የሆነው ይህ ፍርድ ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1998 ዋጋዱጉ ላይ በጸደቀውና በ2004 በጸናው ፕሮቶኮል ነው። ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባቱ በፊት ሥልጣን እንዳለው፣ ቀጥሎም አቤቱታው ተቀባይነት እንዳለው ይመረምራል፤ ተጠሪው መንግሥት መቃወሚያ ባያነሳም ሁለቱን አይዘልም።

ሥልጣን የሚመዘነው በጉዳዩ፣ በተከራካሪዎቹ ማንነት፣ በጊዜና በቦታ ነው። ለግለሰብ አመልካች ከባዱ ሁለተኛው ነው። አገሩ ፕሮቶኮሉን ማጽደቁ ብቻ አይበቃም፤ በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 6 መሠረት ግለሰቦች በቀጥታ እንዲከሱት የሚፈቅድ የተለየ መግለጫ ማስገባት አለበት። በ2009 የተሰጠው የፍርድ ቤቱ የመጀመሪያ ውሳኔ ሴኔጋልን የሚመለከት ሲሆን፣ መዝገቡ የተዘጋው ይህ መግለጫ ባለመኖሩ ነው። ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያ፣ ቤኒንና ኮትዲቯር መግለጫቸውን አንስተዋል። መግለጫን ማንሳት የሚጸናው ከአንድ ዓመት በኋላ ሲሆን፣ ቀድሞ የቀረበ አቤቱታ አይነካም። ኢትዮጵያ ፕሮቶኮሉን ፈርማለች እንጂ አላጸደቀችም።

በተቀባይነት ረገድ የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር አንቀጽ 56 ሰባት መስፈርቶች አሉት፤ አንዱ ከጎደለ አቤቱታው ይወድቃል። የአመልካቹ ማንነት መገለጹ፣ ስድብ አለመኖሩ፣ በዜና ማሰራጫ ወሬ ላይ ብቻ አለመመሥረቱ በቀላሉ የሚሟሉ ናቸው። ክርክሩ የሚጦፈው በአገር ውስጥ መፍትሔዎች ላይ ነው። አመልካቹ የሚጠበቅበት መደበኛውን የዳኝነት መንገድ እስከ መጨረሻው ፍርድ ቤት መጓዝ ነው። ለምሳሌ በታንዛኒያ ከይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ በኋላ የሚቀርብ የፍርድ ይታይልኝ ጥያቄ ልዩ መፍትሔ ስለሆነ አልሞከርክም ተብሎ አይጠየቅበትም።

በ1998 የተገደለው የቡርኪና ፋሶ ጋዜጠኛ ኖርበርት ዞንጎ ጉዳይ ሁለቱን ደረጃዎች ያሳያል። ፍርድ ቤቱ ግድያው አገሪቱ በፕሮቶኮሉ ከመገዛቷ በፊት ተፈጽሞ ያለቀ ስለሆነ በጊዜ ረገድ ከሥልጣኑ ውጭ አደረገው፤ ወንጀለኞቹን መርምሮ ለፍርድ አለማቅረብ ግን የቀጠለ ጥሰት ነውና ተቀበለው። ቤተሰቦቹ ሰበር አልጠየቁም ነበር፤ ይሁንና የአገር ውስጡ ሂደት ከሰባት ዓመት በላይ ተንዛዝቷል ብሎ አለፋቸው። ትክክለኛ ፍርድ ነው፤ ፍትሕን ያጓተተ መንግሥት መጓተቱን መከላከያ ሊያደርገው አይገባም።

መፍትሔዎቹ ካለቁ በኋላ አቤቱታው በምክንያታዊ ጊዜ ውስጥ መቅረብ አለበት። የተቆረጠ የወራት ገደብ የለም። እስር፣ ማንበብና መጻፍ አለመቻል፣ ጠበቃ ማጣት ለመዘግየት በቂ ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሆኖም ምክንያቱ እንዴት እንዳዘገየ ማስረዳት የአመልካቹ ሸክም ነው።