ሕመም ምንድን ነው?

በጨለማ ክፍል ውስጥ በባዶ እግር ስንሄድ ትንሿ የእግር ጣት ከአልጋው እግር ጋር ስትላተም የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። መጀመሪያ እንደ መርፌ የሰላ፣ ቦታው በትክክል የሚታወቅ ውጋት ይመጣል። አንድ አፍታ ይቆይና ሁለተኛው ይከተላል፤ ይኸኛው የሚያቃጥል፣ የሚጠዘጥዝ፣ እግሩን ሁሉ የሚያዳርስ ነው። በሁለቱ መካከል ትንፋሻችንን ውጠን የምንጠብቀው ያንን ሁለተኛውን ነው።

ያቺ አፍታ በሰዓት ልትለካ ትችላለች። የመጀመሪያውን መልእክት የሚያደርሱት ኤ-ዴልታ የሚባሉ፣ በስብ የተሸፈኑ ቀጫጭን የነርቭ ክሮች ናቸው፤ ፍጥነታቸው በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ይደርሳል። ሁለተኛውን የሚያመጡት ሲ የተባሉት ክሮች ሽፋን ስለሌላቸው በሰከንድ ከግማሽ እስከ ሁለት ሜትር ብቻ ይጓዛሉ። ከእግር ጣት እስከ ሕብለ ሰረሰር፣ ማለትም በጀርባ አጥንት ውስጥ እስካለው የነርቭ ገመድ፣ ያለውን ርቀት አንድ ሜትር ብንል፣ ፈጣኑ ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ባልበለጠ ጊዜ ሲደርስ፣ ዘገምተኛው እስከ ሁለት ሰከንድ ሊፈጅበት ይችላል።

ይህን የሰማ ሰው ሕመም ከቁስሉ ተነሥቶ በነርቭ ላይ እየተጓዘ ወደ አንጎል የሚገባ ነገር ነው ቢል አይፈረድበትም። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ረኔ ዴካርትም እ.ኤ.አ. በ1664፣ ከሞተ በኋላ በታተመ ጽሑፉ፣ ነገሩን በዚሁ መንገድ ነበር የገለጸው፤ ገመዱ ከታች ሲሳብ ላይ ያለው ደወል ይደወላል። ምሳሌው ያምራል፤ ግን ስህተት ነው፤ ስህተቱም ብዙ ሕመምተኞችን ጎድቷል። በነርቭ የሚጓዘው ስለ አደጋ የሚናገር መልእክት ብቻ ነው። ሕመም የሚሆነው አንጎል ያንን መልእክት ተቀብሎ፣ ከሚያውቀው፣ ከሚፈራውና ከሚጠብቀው ጋር አመዛዝኖ ፍርድ ሲሰጥ ነው።

እዚህ ላይ ሕመም ስል በሽታን ማለቴ አይደለም። አማርኛ ሁለቱን በአንድ ቃል ቢጠራም ለስሜቱ ዓይነት ግን ቃል አልነፈገንም። ውጋት፣ ቁርጠት፣ ቁርጥማት፣ ጥዝጣዜ እያልን ለይተን እንናገራለን፤ ጥሩ ሐኪምም ከእነዚህ ቃላት ብዙ ይረዳል።

መልእክቱ የሚነሣው በቆዳ፣ በጡንቻ፣ በመገጣጠሚያና በአብዛኛው የውስጥ አካል ከተዘረጉ የነርቭ ጫፎች ነው። እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ቻርልስ ሸሪንግተን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኖሲሴፕተር ብሎ ሰየማቸው፤ ቃሉ የተወሰደው መጉዳት ከሚለው የላቲን ግሥ ነው። ስያሜው እንዴት ያለ ጥንቃቄ የተሞላበት እንደሆነ ልብ በሉ፤ ጉዳት ጠቋሚ አላቸው እንጂ ሕመም ጠቋሚ አላላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካዊው ተመራማሪ ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ ከእነዚህ ጫፎች ላይ ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ሲሞቅ የሚከፈት አንድ የፕሮቲን በር አገኙ። በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ካፕሳይሲን የተባለው ንጥረ ነገርም ያንኑ በር ይከፍታል። ስለዚህ በርበሬ አቃጠለኝ ስንል ምሳሌ መናገራችን አይደለም፤ ምላሳችን የላከው መልእክት እሳት ሲነካው ከሚልከው ጋር አንድ ነው። ጁሊየስ በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

መልእክቱ ሕብለ ሰረሰር ሲደርስ የመጀመሪያው ማጣሪያ ይጠብቀዋል። ትኩስ ብረት የነካ እጅ ሰውየው ገና ሳያመው የሚሸሸው ትእዛዙ ከዚያው ከሕብለ ሰረሰር ስለሚሰጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ተመራማሪዎቹ ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል በዚያ ስፍራ እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ አሠራር አለ የሚል ሐሳብ አቀረቡ፤ ዝርዝሩ በኋላ ቢታረምም መሠረቱ ጸንቷል። የመዳሰስን ስሜት የሚያመጡት ወፋፍራም ክሮች ሲነቃቁ የጉዳቱን መልእክት ያዳክሙታል። የተላተመውን ጣት ይዘን የምናሸው፣ የወደቀን ልጅ ጉልበት የምናሻሸው ለዚህ ነው፤ እጃችን ይህን ከሳይንሱ በፊት ያውቅ ነበር።

ከዚያ መልእክቱ ወደ ሌላኛው ጎን ተሻግሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ ታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል በኩልም ወደ ብዙ አቅጣጫ ይበተናል። አንዱ ክፍል የት እንደሆነና ምን ያህል እንደበረታ ይለያል፤ ሌሎቹ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ይወስናሉ። የሕመም ማእከል ተብሎ በጣት የሚጠቆም አንድ ቦታ የለም። ሥራው ሁሉ የሚከናወንበት አንጎል ራሱ ደግሞ ጉዳት ጠቋሚ ነርቭ የለውም፤ ሰው ነቅቶ እየተናገረ የአንጎል ቀዶ ጥገና ሊደረግለት የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ፍርዱ ምን ያህል ከቁስሉ ሊርቅ እንደሚችል ሁለት ሰዎች ይንገሩን። አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ቢቸር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጣሊያን ግንባር ክፉኛ የቆሰሉ ወታደሮችን ማስታገሻ ትፈልጋላችሁ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ከአራቱ ሦስቱ ያህል አንፈልግም አሉት። ለእነርሱ ቁስሉ ከሞት መትረፍና ወደ ቤት መመለስ ነበር። በሌላ ወገን፣ እ.ኤ.አ. በ1995 በአንድ የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የተመዘገበ ታሪክ አለ። የ29 ዓመት ግንበኛ ከላይ ሲዘል 15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ምስማር ላይ አረፈ፤ ምስማሩም ጫማውን በስቶ በላይ ወጣ። ትንሽ በተነካ ቁጥር ሰውየው ይሠቃይ ስለነበር በኃይለኛ መድኃኒት አደንዝዘው ጫማውን አወለቁለት። ምስማሩ በጣቶቹ መካከል አልፎ ነበር፤ እግሩ አንዳች ጭረት አልነበረበትም። ሁለቱም ወገኖች አልዋሹም። የአንዱ አንጎል አደጋው አልፏል ብሎ ፈረደ፤ የሌላው ዓይኑ ያየውን አምኖ ፈረደ።

አንጎል ይህን ፍርድ የሚያስፈጽምበት የራሱ መድኃኒት ቤት አለው። ሞርፊን የተባለውን ኃይለኛ ማስታገሻ የሚመስሉ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል፤ ወደ ሕብለ ሰረሰር በሚወርዱ ነርቮች አማካይነትም በሩን ከላይ ያጠብባል። እ.ኤ.አ. በ1978 ጥርሳቸውን የተነቀሉ ሰዎች መድኃኒትነት የሌለው ነገር ማስታገሻ መስሏቸው ሲሰጣቸው የተወሰኑት ሕመሙ ቀለላቸው። የሞርፊንን ሥራ የሚያግደው ናሎክሶን ሲጨመርላቸው ግን ሕመሙ በረታ። እፎይታው ባዶ ምኞት አልነበረም ማለት ነው፤ ተስፋቸው በአካላቸው ውስጥ እውነተኛ መድኃኒት አመንጭቶ ነበር።

በሩ በተቃራኒውም ይሠራል፤ ልቤን የሚነካውም ይህኛው ወገን ነው። የቆሰለ አካል የሚያመነጨው ፕሮስታግላንዲን ጉዳት ጠቋሚዎቹን ቁጡ ያደርጋቸዋል፤ ፀሐይ ያቃጠለው ጀርባ ለብ ባለ ውኃ የሚንገበገበው ስለዚህ ነው። አስፕሪንም የሚሠራው የዚህን ንጥረ ነገር መመረት በመግታት ነው። ይህ ቁጣ ቁስሉ ሲድን መብረድ ይገባዋል። አንዳንዴ ግን በሕብለ ሰረሰርና በአንጎል ያሉት ሕዋሳት ራሳቸው ይለወጣሉ፤ መልእክቱ በተደጋገመ ቁጥር ይበልጥ እያጎሉት ይሄዳሉ፤ በመጨረሻ የልብስ መነካካት እንኳ ሕመም ሆኖ ይተረጎማል። ተመራማሪው ክሊፎርድ ዉልፍ ይህን እ.ኤ.አ. በ1983 በሙከራ አሳይቷል። ሕመሙ ከሦስት ወር ካለፈ ሐኪሞች ሥር የሰደደ ይሉታል፤ በዚያን ጊዜ ቁስሉ ድኖ ሊሆን ይችላል፤ ማንቂያው ግን መጮኹን አላቆመም።

እንዲህ ያለ ሰው ምርመራ ተደርጎለት ምስሉ ንጹሕ ሲሆን ምንም የለብህም ተብሎ ይሸኛል። ቤተሰቡም መጠራጠር ይጀምራል። ይህ ግፍ ነው። ምስሉ የሚያሳየው አጥንትና ሥጋ ነው፤ የነርቭ ሕዋሳትን ቁጣ አያሳይም። እጁ የተቆረጠበት ሰው የሌለውን መዳፉን ጥፍሮቹ ሲወጉት እንደሚሰማው ሲናገር የትኛው ምስል ይመሰክርለታል?

የዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 የሕመምን ትርጉም ሲያሻሽል፣ አንድ ሰው አመመኝ ሲል ቃሉ ሊከበርለት እንደሚገባ፣ መናገር አለመቻልም ሕመም አለመኖሩን እንደማያሳይ በማብራሪያው አስፍሯል። ሁለተኛው ነጥብ ዋጋ የተከፈለበት ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 1980ዎቹ ድረስ በብዙ ሆስፒታሎች፣ ነርቫቸው ገና ስላልበሰለ አይሰማቸውም ተብሎ፣ አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ያለ በቂ ማደንዘዣ ቀዶ ጥገና ይደረግላቸው ነበር። ጡንቻን የሚያሰንፍ መድኃኒት ይሰጣቸው ስለነበር መንፈራገጥም ማልቀስም አይችሉም ነበር።